ወንድሜ ከሆስፒታል ወጥቷል፤ እኛ ግን እንዴት እንደምናናግረው አናውቅም

ጥያቄ፦ ታላቅ እህት፣ ሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው ከእናቴ ጋር በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ተጋጭተን ክፍሌ ከገባሁ በኋላ ስለሆነ፣ አንዳንዱ ቃሌ ጠንከር ቢል ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የ22 ዓመት ወንድሜ ከአምስት ወራት በፊት ታመመ። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ፤ ቀጥሎ ኮሌጁን አቋረጠ፤ በመጨረሻም ከበላያችን ባለው አፓርታማ የሚኖሩት ሰዎች በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ በኩል ስለ እርሱ እንደሚነጋገሩ፣ ስልኩም የቤታችንን ወሬ ለእነርሱ እንደሚያቀብል እርግጠኛ ሆነ። ሆስፒታል 11 ቀን ተኝቶ ሲወጣ፣ የመጀመሪያ ሳይኮሲስ (እውነት የሆነውንና ያልሆነውን መለየት የሚያስቸግር የአእምሮ ሕመም) ለገጠማቸው ወጣቶች ወደተቋቋመ ፕሮግራም ተመራ፤ በዚያም ሐኪም፣ አማካሪ፣ እንዲሁም ወደ ትምህርትና ወደ ሥራ እንዲመለስ የሚያግዝ ባለሙያ በአንድ ቡድን ሆነው ይከታተሉታል። መድኃኒቱን በአብዛኛው ይወስዳል፤ ድምፆቹም እንደ ቀድሞው አያሠቃዩትም። አሁን የከበደን ቤት ውስጥ የምንነጋገረው ነገር ነው።

እናቴ ሥራዋን ትታ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ትውላለች። «በላህ? ዋጥከው? ለምን ዝም አልክ? ምን እያሰብክ ነው?» የሚሉት ጥያቄዎች ከጠዋት እስከ ማታ አይቋረጡም፤ ሌሊትም እየተነሣች በሩ ላይ ቆማ ትንፋሹን ታዳምጣለች። አባቴ በበኩሉ ማታ ከሥራ ሲመለስ ሶፋው ላይ አስቀምጦት፣ እርሱ በዚህ ዕድሜው የሱዳንን በረሃ በእግሩ አቋርጦ እንደመጣ፣ ሰው ከጠነከረ የማያልፈው ነገር እንደሌለ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይመክረዋል። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ይሰማና ክፍሉን ቆልፎ ይተኛል፤ በማግስቱም እስከ ቀትር አይነሣም።

እኔም ከእነርሱ አልሻልም። ባለፈው ቅዳሜ የበላበትን ሳህን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ሲነሣ፣ «ግድ የለም፤ ሳህኑን የሚያጥብ መልአክ እስኪመጣ እንጠብቃለን» አልኩት። ለሁለት ቀናት «የትኛው መልአክ ነው የሚመጣው? ለአንቺስ ማን ነገረሽ?» እያለ ሲጠይቀኝና ሲጨነቅ ሰነበተ። የተናገርኩትን ቃል የምመልስበት መንገድ ጠፋኝ።

ፕሮግራሙ አሁን ለቤተሰብ በተዘጋጀ የንግግርና የመደማመጥ ሥልጠና ላይ እንድንገኝ ጋብዞናል፤ ሥልጠናው በእንግሊዝኛ ሆኖ አስተርጓሚ ይመደብልናል ተብሏል። እናቴ «የወለድኩትን ልጅ እንዴት እንደማናግር ፈረንጅ ሊያስተምረኝ ነው?» ትላለች። አባቴ ደግሞ የቤታችን ገመና በአስተርጓሚው በኩል ከተማውን እንደሚያዳርስ ያምናል። እንዲህ ያለውን ሥልጠና የተከታተለ ወይም የሚያውቅ ሰው ካለ፣ በውኑ የሚጠቅም መሆኑን፣ ምን እንደሚያስተምር፣ እንደ እኛ ባለ ቤት ውስጥ በአማርኛ ሊሠራ መቻሉን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወንድሜ «ጎረቤቶቹ እየሰሙን ነው» ሲለኝ ምን ብዬ ልመልስለት እንደሚገባ ቢያስረዳኝ ውለታውን አልረሳም።

ምላሽ፦ የሥነ አእምሮ ነርስ፣ ቨርጂኒያ

እህቴ፣ የመልአኩን ነገር ስለጻፉልን አመሰግናለሁ፤ ሥልጠናው ስለ ምን እንደሆነ እኛ ከምናድለው ወረቀት ይልቅ በደንብ ያስረዳል። ወደ እርሱ ከመመለሴ በፊት ግን ነገሩ ከየት እንደመጣ ልናገር።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለንደን ውስጥ ጆርጅ ብራውን የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ከአእምሮ ሆስፒታል የወጡ ወንዶችን ሲከታተል ያልተጠበቀ ነገር አየ፤ ወደ ወላጆቻቸው ወይም ወደ ሚስቶቻቸው የተመለሱት፣ ከእኅትና ከወንድም ጋር ወይም በኪራይ ክፍል ከኖሩት ይልቅ ሕመማቸው ይበልጥ ያገረሽ ነበር። በኋላ ቤተሰቦቹን ለረጅም ሰዓት እያነጋገሩ፣ የሚሉትን ብቻ ሳይሆን ሲናገሩ ድምፃቸው እንዴት እንደሆነም መዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጡት ጥናት፣ ነቀፋ፣ ጥላቻ ወይም ከልክ ያለፈ ጭንቀት ወደበረታባቸው ቤቶች ከተመለሱት 58 በመቶዎቹ በዘጠኝ ወር ውስጥ ሲያገረሽባቸው፣ ወደ ሌሎቹ ቤቶች ከተመለሱት ግን 16 በመቶ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1994 የ25 ጥናቶች ውጤት አንድ ላይ ሲታይም ልዩነቱ አልጠፋም፤ 50 በመቶ ለ21 በመቶ ሆነ። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ በሳምንት ከ35 ሰዓት በላይ ፊት ለፊት አብሮ መዋል፣ ቤቱ ውጥረት ካለበት፣ አደጋውን እንደሚጨምር እ.ኤ.አ. በ1976 አሳይተዋል። ይህን ቁጥር ሳነብብ ሁልጊዜ ሥራቸውን ትተው ልጃቸው አጠገብ የተቀመጡት እናቶቻችን ትዝ ይሉኛል።

ይህ ማለት ቤተሰቡ ሕመሙን አመጣው ማለት አይደለም። ጭንቀቱና ነቀፋው ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ከመጣ በኋላ፣ ሕመሙ ራሱ ያመጣው ነው። ነገር ግን ገና በመዳን ላይ ያለ አእምሮ ቁጣን፣ ጩኸትንና የጥያቄ ብዛትን የመሸከም አቅሙ ውስን ነው፤ እግሩ የተሰበረ ሰው ጂፕሱ እንደተፈታለት ደረጃ እንዲወጣ እንደማይገደድ ሁሉ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሥልጠናው ልምጣ። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት አካሄድ መሠረቱ የኒውዚላንዱ ተወላጅ ሐኪም ኢየን ፋሉን በሎስ አንጀለስ የሠራው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በታተመው ጥናቱ 36 ሕሙማንን ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ወገን ከነቤተሰቡ በቤቱ ሲያሠለጥን ሌላውን ለብቻው ያክም ነበር፤ ሁሉም መድኃኒት ይወስዱ ነበር። በዘጠኝ ወር ውስጥ በቤተሰቡ ወገን ሕመሙ ያገረሸበት አንድ ሰው ሲሆን፣ በሌላው ወገን ስምንት ነበሩ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ በኋላ የመጡት ትልልቅ ጥናቶች ልዩነቱን በዚህ ስፋት አላዩትም፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው። የእንግሊዝ የጤና መመሪያም ከቤተሰብ ጋር ለሚኖር ሕመምተኛ ከሦስት ወር እስከ አንድ ዓመት በሚፈጅ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አሥር ቀጠሮ እንዲሰጥ ያዝዛል።

የሚለማመዱት ነገር ቀላል ይመስላል፤ እስኪሞከር ድረስ። ደስ ያሰኘን ነገር ሲደረግ ምን እንደተደረገ ለይቶ መናገር፣ አንድን ነገር በትእዛዝ ሳይሆን በጥያቄ መጠየቅ፣ የከፋንን ነገር ሰውየውን ሳያጥላሉ መግለጽ፣ ሳያቋርጡ መስማትና የሰሙትን መልሶ ማረጋገጥ፤ ከዚያም በአንድ ችግር ላይ ተቀምጦ መፍትሔ መፈለግ። አሠልጣኙ ንግግሩን ራሱ ያሳያል፤ እርስዎ ይሞክሩታል፤ ጥሩ የሆነው ይነገርዎታል፤ እንደገና ይሞክሩታል። ለትልልቅ ሰዎች ይህ እንደ ቲያትር ስለሚሆንባቸው መጀመሪያ ላይ መሳቅ የተለመደ ነው፤ ይሳቁ።

በአማርኛ ይሠራል ወይ ላሉት፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል መልሶ በእናት አፍ ላይ መጫን ከንቱ ድካም ነው። «እንዲህ ስታደርግ እኔ እንዲህ የሚል ስሜት ይሰማኛል» ብላ ልጇን የምታናግር እናት አላውቅም። ሆኖም አማርኛችን ለዚህ ሥራ የተበጀ ይመስል «ከፋኝ»፣ «ጨነቀኝ»፣ «አሳሰበኝ»፣ «ደስ አለኝ» የሚሉ ግሦች ሞልተውታል፤ እነዚህ የተናጋሪውን ሁኔታ ይናገራሉ እንጂ ማንንም አይከሱም። «ሰነፍ ነህ፤ እስከ ቀትር ትተኛለህ» ከማለት «እስከ ቀትር ሳትነሣ ስትቀር ያሳስበኛል፤ በአራት ሰዓት ቁርስ አብረን ብንበላ ደስ ይለኛል» ማለት እንግዳ አማርኛ አይደለም። ለማመስገንም ምርቃት አለን። ችግሩ «ተባረክ» የሚለው ቃል ብቻውን ሲሆን ልጁ ለምን እንደተመረቀ አለማወቁ ነው፤ «ዛሬ ራስህ ተነሥተህ ሻይ ስታፈላ አይቼ ደስ አለኝ፤ ተባረክ» ሲባል ግን ይገባዋል።

እኛን ከሌላው ይልቅ የሚያስቸግረን፣ እንደኔ እምነት፣ አግቦ ነው። በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ነን፤ ቀጥታ መናገር ብልግና፣ በሽሙጥ መናገር ብልኅነት ሆኖ የሚቆጠርበት ቤት ብዙ ነው። ሳይኮሲስ የገጠመው ሰው ደግሞ በተራ ነገር ሁሉ ውስጥ ለእርሱ የተላከ የተሰወረ መልእክት ያለ ይመስለዋል። መኪና ሲያልፍ፣ ቴሌቪዥን ሲናገር፣ ሰው ሲስል ትርጉም ይፈልጋል። እንዲህ ላለ አእምሮ ወርቁ በሰም ተሸፍኖ ሲቀርብለት ወርቁን ፍለጋ ሁለት ቀን ይቆፍራል። ወንድምዎ ያደረገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ በእኛ ቤት ሥልጠናው ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው አግቦን፣ ምሳሌያዊ ንግግርንና ሽሙጥን ለጊዜው ማስቀመጥ ነው፤ «ሳህንህን ብታነሣልኝ» ይበቃል። ትኩረቱና ነገርን ቶሎ የመከታተል ኃይሉም በሕመሙ ስለሚቀንስ ዐረፍተ ነገሩ አጭር፣ ጉዳዩ በአንድ ጊዜ አንድ ይሁን። የአባትዎ የአንድ ሰዓት ምክር፣ ፍቅር እንደሆነ ባውቅም፣ ከአምስተኛው ደቂቃ በኋላ ለእርሱ ጫጫታ ነው።

ስለ ጎረቤቶቹ፣ ሁለት ነገር አያድርጉ፤ አይከራከሩት፤ ደግሞም አይቀበሉት። ክርክር ድምፁን አያጠፋውም፤ እርስዎን ከጠላቶቹ ጎራ ያሰልፍዎታል እንጂ። መቀበል ደግሞ ነገ ያስተዛዝባል። ለስሜቱ መልስ ይስጡ፤ «ሌሊቱን ሁሉ እንዲህ እየሰሙ ማደር በጣም ያስፈራል። እኔ ድምፁን አልሰማሁትም፤ አንተን ግን እንዳስጨነቀህ ይገባኛል። አሁን ምን ብናደርግ ቀለል ይልሃል?» ይበሉት። «ታምኚኛለሽ ወይስ አታምኚኝም?» ብሎ ቢይዝዎት፣ «እኔ በሌላ መንገድ አየዋለሁ፤ ልሳሳት እችላለሁ፤ በዚህ ምክንያት ግን ከአንተ ጋር መጣላት አልፈልግም» ማለት ውሸት አይደለም። የገዛ ወንድሙ ስኪዞፍሬንያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የነበረበት አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዛቪየር አማዶር ያስፋፋው መንገድ ይህን ይመስላል፤ መስማት፣ ስሜቱን መጋራት፣ የሚያስማማውን መፈለግ፣ አብሮ መሥራት። ወንድምዎ «አልታመምኩም» ቢልም «እንቅልፍ አጥቻለሁ» ማለቱ ስለማይቀር፣ ስለ እንቅልፉ መስማማት ይቻላል።

ድምፆቹ ራሱን ወይም ሌላ ሰውን እንዲጎዳ የሚያዝዙት ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ስልት ይቆይ። በቀጥታ «ራስህን የመግደል ሐሳብ መጥቶብሃል?» ብለው ይጠይቁት፤ ጥያቄው ሐሳቡን አይተክልም። 988 የተባለው የአሜሪካ የአስቸኳይ ቀውስ ስልክ ለቤተሰብም ይሠራል፤ በአስተርጓሚም ማነጋገር ይቻላል።

ምላሽ፦ የሁለት ልጆች አባት፣ ዳላስ

ሁሉንም በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። ነርሷ ቤተሰብ ሕመሙን አላመጣም ካሉ በኋላ፣ የእናት ጭንቀት ሕመሙን እንደሚቀሰቅስ በመቶኛ ይነግሩናል። ይህ ያንኑ ክስ በሌላ በር ማስገባት አይሆንም? እንግሊዝ አገር ልጅ በ18 ዓመቱ ከቤት በሚወጣበት ኑሮ የተለካ ሚዛን፣ ሠላሳ ዓመት እስኪሞላው ከእናቱ ጋር አንድ ማዕድ ለሚቆርስ ልጅ እንዴት ይሆናል? «ከልክ ያለፈ» የተባለው የማን ልክ ነው?

ምላሽ፦ የሥነ አእምሮ ነርስ፣ ቨርጂኒያ

ወንድሜ፣ ጥርጣሬዎ ሥር አለው። ፍሪዳ ፍሮም ራይክማን የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1948 ስኪዞፍሬንያን የምታመጣ እናት አለች ብለው ጽፈው ነበር፤ ለብዙ ዓመታት ስንት እናት በዚህ ክስ አንገቷን ደፍታ ኖራለች። ሐሳቡ ተጥሏል፤ ጠባሳው ግን በባለሙያዎች አነጋገር ውስጥ አልፎ አልፎ እስከ ዛሬ ይታያል። ሥልጠናውን የሚሰጠው ሰው እንዲህ ሲናገር ከሰሙ ሌላ ሰው ይጠይቁ።

ልክን በተመለከተ ግማሽ መንገድ እስማማለሁ። በሕንድ ቻንዲጋር የተጠኑት ቤተሰቦች ነቀፋቸው ከለንደኖቹ እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ አብሮ መኖር በራሱ ችግር እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። በአሜሪካ የሚኖሩ የሜክሲኮ ተወላጆች ቤተሰቦች ሲጠኑ ደግሞ ሕመሙ እንዳያገርሽ ይበልጥ የረዳው የቤተሰቡ ሞቅ ያለ ፍቅር ነበር። ስለዚህ እናትየው ከልጃቸው ይራቁ አልልም፤ ፍቅራቸው ይቆይ፣ ጥያቄው ይቀነስ ነው የምለው። በቀን 40 ጊዜ «ምን እያሰብክ ነው?» መባል በየትኛውም አገር ልክ ቢለካ ያደክማል።

ምላሽ፦ ጡረተኛ መምህር፣ አዲስ አበባ

ልጄ፣ እኔ ያለሁት ሥልጠናም አስተርጓሚም በሌለበት ነው። ሴት ልጄ ዩኒቨርሲቲ በገባች በሁለተኛው ዓመት ታመመች፤ ይኸው ሰባት ዓመት ሊሆናት ነው። ሐኪሙ የሚሰጠን ጊዜ አሥር ደቂቃ ነበር፤ የተሰለፈውን ሰው ስላየሁ አልፈርድበትም። በመጀመሪያው ዓመት ጸበል ወሰድናት፤ ጸበሉን አልነቅፍም፤ ዛሬም ትጠመቃለች፤ ነገር ግን እዚያ ያገኘነው ሰው መድኃኒቱንና ጸበሉን አንድ ላይ አይሆንም ሲለን አመንነውና አቋረጥን። በስድስት ሳምንት ውስጥ ከነበረችበት ብሳ ተመለሰች።

ስለ ንግግር የተማርኩት ከአንዲት የሥነ አእምሮ ነርስ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ሰዓቷ ውጭ ለእኔና ለባለቤቴ አንድ አንድ ሰዓት ትሰጠን ነበር። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ልጅቷ ወደ ሳሎን ስትገባ ምን ታደርጋላችሁ?» የሚል ሆነ። አሰብነው። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ እርሷ ስትገባ ሁላችንም ዝም እንል ነበር፤ ከዚያም አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ዝናቡ ይጀምራል። ልጄ «ስለ እኔ ታወራላችሁ» ስትል ሕመሙ ነው ብለን እንተረጉመው ነበር፤ እውነቷን ነበር እኮ! በእርግጥም ስለ እርሷ እናወራ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሹክሹክታ ቀረ። እንግዳ ሲመጣም በር ላይ ተቀብዬ «ስለ ጤናዋ አትጠይቋት፤ ስለ ሌላው ነገር እንደማንኛውም ሰው አናግሯት» እላለሁ። አንዳንዱ ተቀይሞ ቀርቷል። ይቅር። በቡታጅራ አካባቢ ከ20 ዓመት በላይ በፊት በተደረገ ጥናት ከተጠየቁት የሕመምተኛ ዘመዶች 75 በመቶዎቹ መገለል እንደደረሰባቸው ወይም እንደሚሰማቸው ተናግረዋል፤ ስለዚህ የአባትሽን የገመና ፍርሃት አትናቂበት። አባትሽ የሚፈራውን ያውቃል።

ነርሷ ያሳየችን ሌላው ነገር ችግርን በወረቀት መፍታት ነው። የእኛ የየቀኑ ጠብ ባለቤቴ ልጃችንን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስትቀሰቅሳትና እርሷ ስትጮህ ነበር። አንድ እሑድ ሦስታችንም ተቀመጥን። ችግሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍን፤ ለመስማማት ራሱ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ማንም የማንንም ሐሳብ ሳይነቅፍ የመጣለትን ሁሉ ተናገረ፤ ልጄ «እናቴ አክስቴ ቤት ትሂድ» አለች፤ እርሱንም ጻፍነው። የእያንዳንዱን ጥቅምና ጉዳት አየን፤ አንዱን መረጥን፤ ማን ምን እንደሚያደርግ ተከፋፈልን፤ በሚቀጥለው እሑድ ልናየው ተቀጣጠርን። የመረጥነው፣ ማታ ሦስት ሰዓት የምትወስደው መድኃኒት ወደ አንድ ሰዓት እንዲመጣ ሐኪሙን መጠየቅ ነበር። ሐኪሙ ፈቀደ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በራሷ መነሣት ጀመረች። ለስድስት ወር ያጣላን ነገር በአንድ ገጽ ወረቀት አለቀ፤ ሁሉም ችግራችን ግን እንዲህ አላለቀም።

በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ሐኪም ያልሆኑ፣ ግን የሠለጠኑ የማኅበረሰብ ሠራተኞች ስኪዞፍሬንያ ያለባቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ከነቤተሰባቸው ሲደግፉ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል፤ ድጋፉን ከጤና ጣቢያው ሕክምና ጋር ያገኙት ሰዎች ሕክምናውን ብቻ ካገኙት የተሻለ የዕለት ኑሯቸውን መምራት ችለዋል። ይህን የምነግርሽ እናትሽን ለማሳመን እንዲረዳሽ ነው። ነገሩ የፈረንጅ ብቻ አይደለም፤ በእኛው ገጠር፣ በእኛው ሰዎች ተሞክሯል።

ምላሽ፦ የሕክምና አስተርጓሚ

እኔ የምጽፈው ስለ አስተርጓሚው ብቻ ነው፤ ሌላውን ባለሙያዎቹ ተናግረውታል።

የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ1964ቱ የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ የመጣ ነው። አባትዎ የሚያውቃቸው ሰው እንዳይመጣ ከፈሩ፣ አስተርጓሚው በስልክ እንዲሆንና ከሌላ ግዛት እንዲመደብ ይጠይቁ፤ ስምዎ ሳይነገር መሥራትም ይቻላል። እኛም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለብን። እርስዎ ግን አያስተርጉሙ። እናትዎ ስለ እርስዎ ሊናገሩ የሚፈልጉት ነገር ሊኖር ይችላል፤ በእርስዎ አፍ ሊነገር አይችልም።

ከሥራዬ ያየሁትን ሁለት ስሕተት ላንሣ። አንድ ጊዜ ባልደረባዬ «ሳይኮሲስ» የሚለውን «እብደት» ብሎ ተረጎመው፤ እናቲቱ ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ፤ አልተመለሱም። እኔ «ሳይኮሲስ» የሚለውን ቃል እንዳለ አስቀምጬ ትርጉሙን ባለሙያው እንዲያብራራ እጠይቃለሁ። ሁለተኛው ስሕተት የእኔ ነው። አሠልጣኟ ወጣት ሴት ነበረች፤ በእንግሊዝኛው አክብሮት አልጎደላትም፤ እኔ ግን በጥድፊያ ላይ ስለነበርኩ የ60 ዓመት አባትን «አንተ» ብዬ አስተረጎምኩ። ሰውየው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አልተናገሩም። በእንግሊዝኛ አንድ የሆነው ቃል በእኛ ዘንድ አንተ፣ አንቺ፣ አንቱና እርስዎ መሆኑን አስቀድመው ለአሠልጣኙ ቢነግሩት ይረዳል። በልምምዱ ጊዜም እናትዎ ወንድምዎን እያዩ እንዲናገሩ ወንበሩ ይስተካከል፤ አለዚያ ዓይናቸው አስተርጓሚው ላይ ይቀራል፤ ልምምዱም ከእኔ ጋር ይሆናል።

ምላሽ፦ ታላቅ እህት፣ ሜሪላንድ

ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው የተመለስኩት፤ ስለዘገየሁ ይቅርታ።

የሶዶውን ጥናት ለእናቴ ነገርኳት። «ጉራጌ አገር?» አለችና ዝም አለች፤ በማግስቱ «መቼ ነው ቀጠሮው?» ብላ ጠየቀችኝ። አስተርጓሚው በስልክ ከሌላ ግዛት ሆነ። ወንድሜ ስለ ሕክምናው ለእኛ እንዲነገረን ገና አልፈረመም፤ ከ18 ዓመት በላይ ስለሆነ አስገዳጅ የለም። ነገር ግን ባለሙያዎቹ ሊነግሩን ባይችሉ እንኳ እኛ የምንነግራቸውን መስማት እንደሚችሉ አወቅሁ፤ ይህን በመጀመሪያው ወር ባውቅ ብዙ ሌሊት እተኛ ነበር።

እስካሁን አራት ጊዜ ሄደናል። እናቴ ልምምዱ ላይ ወንድሜን ስታመሰግነው አለቀሰች፤ «ትናንት ቆሻሻውን ስላወጣህልኝ ደስ ብሎኛል፤ እደግ» የሚል ዐረፍተ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት ምን እንዳስደሰታት ነግራው አታውቅም ነበር። ጥያቄዎቿ ቀንሰዋል እንጂ አልቀሩም። ሦስት ቀን በሳምንት ወደ ሥራ ተመልሳለች፤ ከሥራ ቦታ ደግሞ እኔን እየደወለች ትጠይቀኛለች፤ ይህን ለአሠልጣኟ ገና አልነገርንም።

ስለ መልአኩ ወንድሜን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ «ተናድጄ በሽሙጥ ነው የተናገርኩት፤ መልአክ አልጠበቅሁም፤ ሳህንህን እንድታነሣልኝ ፈልጌ ነበር» አልኩት። ጥቂት አሰበና «ታዲያ እንዲያ አትይም ነበር?» አለኝ።

አባቴ መጀመሪያ ሁለት ቀጠሮ አልመጣም። በሦስተኛው መጥቶ አሠልጣኟ ምክሩን በአሥር ደቂቃ እንዲወስን ስትጠይቀው፣ አሥር ደቂቃ ለሰላምታ አይበቃም ብሎ ተከራከረ፤ በመጨረሻ ተስማማ። ትናንት ማታ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ሳለ አባቴ ገና የሱዳን ድንበር ላይ ነበር፤ ወንድሜ ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ሰዓት አየና «አባዬ፣ የቀረውን ነገ አሻግረኝ» አለው። አባቴ ሲስቅ ከሰማሁ ወራት አልፈው ነበር።